የክረት ልክ፦ በጠመንጃ ቧንቧ ውስጥ የተደበቀው ቁጥር

በኮሎራዶና በዋዮሚንግ ተራሮች ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የሚያድን አሜሪካዊ ቀላል ጠመንጃ በራሱ ምርጫ ሲያሠራ ወሬው ሁሉ ስለ ሚዛን ነው። ሰደፉ ከእንጨት ይልቅ ከካርቦን ፋይበር ይሁን፣ የብረቱ አካል በታይታኒየም ይተካ፣ ቧንቧው ይቅጠን፣ ይጠር፤ እዚህ ሃምሳ ግራም፣ እዚያ መቶ ግራም ይቀነሳል። አይፈረድበትም፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት ዳገት የሚወጣው እሱ ነው። ነገር ግን በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፍ አንድ ቁጥር አለ፤ እንግሊዝኛው «ትዊስት ሬት» ይለዋል። በአማርኛ «የክረት ልክ» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከሚዛኑም ከመነጽሩም አስቀድሞ መወሰን ያለበት ይኸው ቁጥር ነው። ሰደፍ ይለወጣል፣ መነጽር ተነቅሎ ሌላ ይተከላል፣ ምላጭ ይስተካከላል፤ ክረቱ ግን ከቧንቧው ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ቧንቧው ካልተጣለ አይቀየርም።

የጠመንጃ ቧንቧ ውስጡ ልሙጥ አይደለም። ከጥይቱ መጉረሻ ጀምሮ እስከ አፈሙዙ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቦዮች አሉት። አረሩ በዚያ ሲያልፍ ጎኑ በቦዮቹ ጠርዝ ይያዝና እየሾረ ይወጣል። ልጆች የሚጫወቱበት እሽክርክሪት እስከዞረ ድረስ በሹል ጫፉ ቆሞ እንደሚቆይ ሁሉ፣ አረርም ሽክርክሪቱ እስከበቃው አፍንጫውን ወደፊት አድርጎ ይሄዳል። «የክረት ልክ 8» ሲባል ቦዩ አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው በ8 ኢንች ውስጥ ነው ማለት ነው። በሰከንድ 2,800 ጫማ እየተወነጨፈ ከእንዲህ ያለ ቧንቧ የሚወጣ አረር በደቂቃ 252,000 ጊዜ ይሽከረከራል። ሽክርክሪቱ ካነሰው ግን አየር ላይ ተንገዳግዶ ይገለበጣል፤ ኢላማው ወረቀት ላይ ክብ ቀዳዳ በመክፈት ፈንታ የጎኑን ቅርጽ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ቅድ ያትማል። ያንን ቅድ አይቶ መነጽሩን ማስተካከል የሚጀምር ሰው በከንቱ ይደክማል።

ታዲያ ለምን «ክረት»? ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «የመጠምዘዝ ፍጥነት» ማለቱ አይቀርም፤ ስሕተቱም ከዚያው ይጀምራል። ቁጥሩ ርዝመት እንጂ ፍጥነት አይደለም፤ ደግሞም ባነሰ ቁጥር ጥምዝዙ ይጠብቃል። ፍጥነት ካልነው አንባቢ 12 ከ8 ይበልጣል ብሎ ነገሩን ገልብጦ ይረዳል። ፈታይ ግን ይህን ልዩነት በጣቷ ታውቀዋለች። ድሩን ከረር አድርጋ፣ ማጉን ላላ አድርጋ ትፈትላለች፤ የከረረ ክር ማለት በአጭር ርዝመት ብዙ ዙር ያለበት ነው። የቧንቧው ነገርም ይኸው ነው፦ 8 የከረረ፣ 12 የላላ። «አክራሪ» ከሚለው ቃል ጋር መዛመዱ ያስነቅፈው እንደሆነ፣ ፖለቲካው ከፈታይ ተዋሰ እንጂ ፈታይ ከፖለቲካ አልተዋሰችም። እንግሊዝኛውን እንዳለ እንውሰደው ለሚልም መልስ አለ። ሰናድርን ከስናይደር የወሰድነው የመሣሪያውን ስም ነው፤ ቃታንና አፈሙዝን ግን በየራሳቸው ስም እንጠራቸዋለን። ስም ይወረሳል፤ አሠራር ግን በሚገባ ቃል ቢነገር ይሻላል።

ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት እ.ኤ.አ. የ1955ን የገበያ ፉክክር ማየት ይበቃል። በዚያ ዓመት ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች የአረራቸው ውፍረት አንድ የሆነ፣ ባለ 6 ሚሊሜትር አዳዲስ ጥይቶች አወጡ። ዊንቸስተር .243 ላለው ጥይት የ10 ኢንች ክረት መረጠ፤ ረሚንግተን ደግሞ .244ን ባብዛኛው ለትንንሽ አውሬ አስቦት ስለነበር በ12 አላላው። አዳኙ ግን በአንድ ጠመንጃ አጋዘንም መምታት ፈለገ፤ ለዚህ የሚሆነው 100 ግሬን የሚመዝን ረዥምና ሹል አረር በረሚንግተኑ ቧንቧ ሊረጋ አልቻለም። ገበያው ለዊንቸስተር አደላ። ረሚንግተን ክረቱን ወደ 9 አጥብቆ በ1963 ጥይቱን «6 ሚሊሜትር ረሚንግተን» ብሎ ቢሰይመውም የቀደመውን አልደረሰበትም። ቀለሁም ባሩዱም እንከን አልነበረበትም። የሚገርመው፣ ስሌቱ ያኔም አሮጌ ነበር። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪንሂል በ1879 ያወጣው ቀመር የአረሩን ውፍረት በራሱ አባዝቶ፣ በ150 (ለፈጣን አረር በ180) ካበዛ በኋላ ለርዝመቱ ያካፍላል። 0.243 ኢንች ውፍረት ያለው ፈጣን አረር ርዝመቱ 0.85 ኢንች ቢሆን 12.5 ይወጣል፤ 1.05 ኢንች ቢሆን 10.1። የ12 ክረት ለመጀመሪያው ይበቃል፣ ለሁለተኛው ይላላል። ቀመሩ ስለ ክብደት ምንም እንደማይጠይቅ ልብ ይሏል፤ የሚጠይቀው ርዝመትን ነው።

ቀላል ጠመንጃ የሚያሠራ ሰው ከሌላው ይልቅ ይህ የሚመለከተው ለዚህ ነው። ጠመንጃ ሲቀል ወደ ትከሻ የሚመልሰው ምት ይበረታል፤ ስለዚህ ባሩዱ መጠነኛ የሆነ ጥይት ይመረጣል። ቧንቧውም ለሚዛን ሲባል ሲያጥር አረሩ ከፍጥነቱ ጥቂት ያጣል። በባሩድ የጎደለውን ርቀት ላይ የሚያካክሰው አየርን በቀላሉ የሚሰነጥቅ ቀጭንና ረዥም አረር ነው፤ ረዥም አረር ደግሞ የከረረ ቧንቧ ይፈልጋል። ሆርናዲ የተባለው ኩባንያ በ2007 ያወጣው 6.5 ክሪድሙር የተባለ ጥይት በ8 ኢንች ክረት የመጣው በዚሁ ሒሳብ ነው። ሕግም በዚሁ አቅጣጫ ይገፋል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 መግቢያ ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይትን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። የሚተካው መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ ያንኑ ሚዛን እንዲይዝ አረሩ መርዘም አለበት። የትናንቱ የላላ ቧንቧ የዛሬውን አረር ላይችለው ይችላል።

ክረት ሲበዛስ አይጎዳም ወይ የሚል ተቃውሞ አለ፤ መሠረት የለውም አልልም። ሽፋኑ ስስ የሆነ ለትንንሽ አውሬ የተሠራ አረር ከልክ በላይ ሲሾር አየር ላይ ሊበተን ይችላል፤ ሚዛኑ ያልተስተካከለ አረርም ጉድለቱ ይጎላበታል። ነገር ግን ኤልክ የሚታደንበት አረር ሽፋኑ ወፍራም ነው፤ በጥቂቱ መክረር ቢያስከፍል ከወረቀቱ መሐል ትንሽ ፈቀቅ ቢያደርግ ነው። መላላት ግን አረሩን ይገለብጣል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ስለሚወፍር አረሩ ያለው ሽክርክሪት ላይበቃው ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ኤም 16 ጠመንጃዎች ከ14 ወደ 12 የከረሩት በብርድ አገር ሙከራ አረሩ ስላልረጋ ነው። በሙቀት ወራት፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ተሞክሮ «ይበቃል» የተባለ ክረት በታኅሣሥ ብርዳማ ማለዳ ዝቅ ወዳለ ቦታ ወርዶ ሊያሳፍር ይችላል። ልክ የሚቆረጠው ለክፉው ቀን ነው።

በእጅ ያለ ቧንቧ ክረቱ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ጥይት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ የማጽጃው ዘንግ ይበቃል፤ እጀታው ላይ እንደ ልብ የሚዞር መሆን አለበት። ጫፉ ላይ ጥብቅ ያለ ጨርቅ ተደርጎ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ጨርቁ ቦዩን ሲይዝ በዘንጉ ጀርባ ላይ አንድ ነጥብ ይደረጋል፣ ዘንጉ ከቧንቧው አፍ ጋር የሚገናኝበትም ቦታ ይሰመርበታል። ከዚያ ቀስ ተብሎ ሲገፋ ዘንጉ ራሱ ይዞራል። ነጥቡ ዞሮ ወደ ላይ ሲመለስ እንደገና በቧንቧው አፍ ልክ ይሰመራል፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት በኢንች ተለክቶ የሚገኘው ቁጥር የክረቱ ልክ ነው።