ገጣሚ የሚቀጥረው ባለ ፋብሪካ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የቀኑን ሒሳብ ዘግቼ በተበላሸ ቫውቸር ጀርባ ላይ ስንኝ ስቋጥር የቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅ ደረሱብኝ። አልተቆጡም። «አንተ ልጅ፣ ባንክና ግጥም ባንድ ወንበር አይቀመጡም» ብለው ፈገግ አሉና አለፉ። ቁጣ ቢሆን በረሳሁት፤ ፈገግታው ግን ቆረቆረኝ። ስለ ጣሊያናዊው የፋብሪካ መሪ ስለ አድሪያኖ ኦሊቬቲ ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ፈገግታ ነው።

ኦሊቬቲ የሚለውን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከጽሕፈት መኪና ላይ ነው። ፋብሪካውን በሰሜን ጣሊያን በኢቭሬያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1908 የመሠረተው አባትዬው ካሚሎ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1901 የተወለደው አድሪያኖ ገና በ13 ዓመቱ በአባቱ ፈቃድ ከሠራተኞቹ ጋር ማሽን ፊት ቆመ፤ ያን ጊዜ የቀመሰው መሰልቸት ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። በ1924 በቶሪኖ በኬሚካል ምሕንድስና ተመረቀ፤ በ1938 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

እኛ ኢትዮጵያውያን የዚያን ዘመን ጣሊያናዊ ስናነሣ አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ አናልፍም፤ ከፋሺስቱ ጋር እንዴት ነበር? መልሱ ቀጥ ያለ አይደለም። በ1926 አረጋዊው ሶሻሊስት ፊሊፖ ቱራቲ ከሙሶሊኒ እጅ ሲያመልጡ ከረዷቸው ሰዎች አንዱ አድሪያኖ ነው። በ1933 ደግሞ የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ አገራችን ስትወረርም አባል ነበር። በ1943 ታስሮ ተፈታ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የመጀመሪያ ሚስቱ እኅት የሆነችው ደራሲ ናታሊያ ጊንዝቡርግ ባሏ ሮም ውስጥ ሲያዝባት፣ ቶሎ ከቤት እንድትወጣ ሊነግራት የመጣው እርሱ ነበር። ጎንበስ ብሎ የተበታተነውን ልብስና የልጆቿን ጫማ ሲለቃቅም እንዳልረሳችው በ1963 ባወጣችው መጽሐፍ ጽፋለች። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና ጫማውን ከአባልነቱ ጋር አላቻችልም። ሁለቱም በየዓምዳቸው ተመዝግበው ይቀመጡ።

አሁን ወደ ገጣሚዎቹ። ከ1938 ጀምሮ የማስታወቂያ ክፍሉን የመራው ሊዮናርዶ ሲኒስጋሊ መሐንዲስም ገጣሚም ነበር። ፍራንኮ ፎርቲኒ ለምርቶቹ ስም ያወጣ፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ ያዘጋጅ ነበር። ፓኦሎ ቮልፖኒ የሠራተኞችን ማኅበራዊ አገልግሎት መራ። ታዋቂዋ ቀላል የጽሕፈት መኪና ሌቴራ 22 በ1950 ስትወጣ ፎርቲኒ በዚያው ቤት ደመወዝተኛ ነበር። አድሪያኖ ለጌጥ አልቀጠራቸውም፤ ሥራ ሰጣቸው፣ ያውም ከባድ ሥራ።

ከሁሉ የከበደው የኦቲዬሮ ኦቲየሪ ይመስለኛል። በ1955 በኔፕልስ አጠገብ፣ በፖዙዎሊ፣ አርክቴክት ሉዊጂ ኮሰንዛ የነደፈው ፋብሪካ ተከፈተ። ዝቅ ያሉ ሕንፃዎች፣ አትክልት፣ በመስኮት ባሕር። ከአጥሩ ውጭ ግን የሥራ አጥ መዓት። ደራሲው ኦቲየሪ የተመደበው ከዚያ መዓት መካከል ጥቂቶቹን በሥነ ልቦና ፈተና እንዲመርጥ ነበር። የምታምር ፋብሪካ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ የተራበን ሰው «ይህን ቅርጽ ገጣጥም» ማለት! ከዚያ በወጣው የ1959 ልብ ወለዱ ውስጥ ዶናሩማ የሚባል ሰው አለ። የሥራ ማመልከቻ አልሞላም ይላል። እርሱ የመጣው ሊሠራ ነው፤ ወረቀቱ ለምን?

ይህን ሰው እኔ አውቀዋለሁ። በመስኮቴ በኩል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ «መጀመሪያ ቅጹን ይሙሉ፣ አባባ» ብዬ መልሼዋለሁም። ማታ ደግሞ ስለ እርሱ ግጥም ልጽፍ እሞክራለሁ፤ አይሆንልኝም።

የቀረው የአድሪያኖ ታሪክ አጭር ነው። በ1956 የኢቭሬያ ከንቲባ፣ በ1958 የፓርላማ አባል ሆነ። በ1959 ኩባንያው የአሜሪካውን አንደርውድን ገዛ፤ ኤሌያ 9003 የተባለ ኮምፒውተርም አወጣ። የካቲት 27 ቀን 1960፣ ኢቭሬያ ካርኒቫሏን በምታከብርበት ቅዳሜ፣ ከሚላኖ ወደ ሎዛን በሚሄድ ባቡር ውስጥ በ58 ዓመቱ ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ለአሜሪካውያን ተሸጠ።

ቮልፖኒ ግን እስከ 1971 ድረስ እዚያው ቆየ። በ1962 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ፤ ታሪኩ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ በሕመምና በጥርጣሬ አእምሮው ስለሚናወጥ አንድ ሠራተኛ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ለቮልፖኒ ደመወዝ የሚከፍለው ያው ፋብሪካ ነበር።