ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚቀረው ጥያቄ፤ የትልቅ አንጀት ነቀርሳ መሠራጨቱን የሚጠቁሙ ምልክቶች ታሪክ

ሐኪሙ በነቀርሳ የተያዘውን የትልቅ አንጀት ክፍል ቆርጦ ካወጣ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀርበታል፤ ይኸውም ደዌው በሙሉ ተወግዷል ወይስ ዘሩ ወደ ሌላ የአካል ክፍል ተበትኗል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈለግ ዘጠና ዓመት ያህል አልፏል።

በለንደን የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ፓቶሎጂስት የነበሩት ከትበርት ዱክስ እ.ኤ.አ. በ1932 የሬክተምን ነቀርሳ በሦስት ደረጃ ከፈሉት። በአንጀቱ ግድግዳ ተወስኖ የቀረውን «ኤ»፣ ግድግዳውን ጥሶ የወጣውን «ቢ»፣ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች የደረሰውን «ሲ» ብለው ሰየሙት። የበሽተኛውን ዕድል የሚወስነው በይበልጥ የደዌው መሠራጨት መሆኑ በዚህ ታወቀ። ይሁን እንጂ ደረጃው ስለ ብዙዎች እንጂ ስለ አንዱ አይናገርም፤ በአንድ ደረጃ ከተመደቡ ሁለት ሕሙማን አንዱ ድኖ ሲሄድ የሌላው ደዌ ተመልሶ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን በሞንትሪያል ከተማ፣ በትልቅ አንጀት ነቀርሳና በፅንስ አንጀት ውስጥ የሚገኝ «ሲ.ኢ.ኤ.» የተባለ ፕሮቲን አገኙ። ይህ ፕሮቲን ታካሚን ለመከታተል እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ነገር ግን በአጫሾችና በጉበት ሕሙማን ደም ውስጥም ከፍ ብሎ ስለሚታይ ብቻውን አይታመንም።

የተሻለው ምልክት የተገኘው ከጂን ነው። በርት ቮግልስታይንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1988፣ ነቀርሳው የሚያድገው የጂን ለውጦች ደረጃ በደረጃ ሲጠራቀሙ መሆኑን አሳዩ። እንግዲህ እያንዳንዱ ዕጢ በጤነኛ ሕዋስ የማይገኝ የራሱ ማኅተም አለው ማለት ነው። ማንዴልና ሜቴ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ደግሞ ገና በ1948 ከሕዋስ ውጭ የሚንሳፈፍ ዲ.ኤን.ኤ. በሰው ደም ውስጥ መኖሩን ገልጸው ነበር። ሁለቱ ግኝቶች ሲጋጠሙ፣ ከዓይን የተሰወረውን ቅሪት ከደም ጠብታ መፈለግ ተቻለ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ ነቀርሳቸው ሊምፍ ዕጢ ካልደረሰና ኬሞቴራፒ ካልወሰዱ 178 ሕሙማን መካከል፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በ14ቱ ደም ውስጥ የዕጢው ዲ.ኤን.ኤ. ተገኘ፤ ከእነዚህም በ11ዱ ደዌው ተመለሰ። ምልክቱ ካልታየባቸው 164 ሰዎች ግን የተመለሰባቸው 16 ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአውስትራሊያ የተካሄደ የ455 ሕሙማን ጥናት ውጤት ወጣ። ሕክምናው በደም ምርመራው በተመራበት ወገን ኬሞቴራፒ የወሰዱት 15 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ በታከመው ወገን 28 በመቶ ነበሩ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ደዌው ሳይመለስባቸው የቆዩት ግን 93.5 እና 92.4 በመቶ ሆኑ። መድኃኒቱ ቢቀነስም ጉዳቱ አልጨመረም።

የእነዚያ የ16ቱ ሰዎች ዕጣ ግን ሊዘነጋ አይገባም። በደም ውስጥ ምልክት አለመታየቱ የመዳን ዋስትና አይደለምና፣ አዲሱ ምርመራ የሐኪሙን ክትትል ያግዛል እንጂ አይተካውም።