«ጉዳዩ»፡ ምርትና አገልግሎትን በኢሜይል ለሚያስተዋውቁ

በኢትዮጵያ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ቀኑ፣ ቁጥሩና የተቀባዩ ስም ከሰፈሩ በኋላ ከሐተታው አስቀድማ አንዲት መስመር ትመጣለች፤ «ጉዳዩ፡-» የምትለው። መዝገብ ቤቱ ደብዳቤውን ወደየትኛው ክፍል እንደሚመራው፣ ኃላፊውም ዛሬውኑ ይየው ወይስ ይደር የሚለውን ለመወሰን በቅድሚያ የሚመለከቱት ይህችን መስመር ነው። በኢሜይልም ይህችው መስመር አለች። የኢሜይል ተቀባይ ግን የላኪውን ስምና የጉዳዩን መስመር ብቻ አይቶ መልእክቱን ሳይከፍት ሊያጠፋው ይችላል።

ሰሊጥ፣ ቡና ወይም ማር ለውጭ ገዢ ለሚያቀርብ የኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ ለሆቴል ባለቤትም ሆነ ለምርጥ ዘር አከፋፋይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሳይከፈት የቀረ መልእክት በመጋዘን የሚሰነብት ምርት፣ ያለ እንግዳ የሚውል አዳራሽ ሊሆን ይችላል።

ምን፣ ምን ያህል፣ መቼ

መልካም የጉዳይ መስመር ምን እንደቀረበ፣ ምን ያህል እንደሆነና መቼ እንደሚገኝ ይናገራል። «ታላቅ የምሥራች ለደንበኞቻችን!!!» የሚለው አንዱንም አይመልስም። «ነጭ ሰሊጥ፣ 20 ቶን፣ በዲሴምበር የሚጫን» የሚለውን ያነበበ ገዢ ግን መልእክቱ እንደሚመለከተው ወዲያውኑ ያውቃል። ለአገር ውስጥ ደንበኛም «የስብሰባ አዳራሽ ለ80 ሰው፣ ምሳን ጨምሮ» የሚለው ከብዙ ውዳሴ ይልቅ ይሠራል።

በእጅ ስልክ ላይ ከመስመሩ የሚታየው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ፊደል ያህል ነው። ስለዚህ ዋናው ቃል መጀመሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። የድርጅቱ ስም በላኪው ቦታ ስለሚታይ በጉዳዩ መስመር መድገም ቦታ ማባከን ነው። በብዙ ስልኮች ላይ የመልእክቱ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገርም ከጉዳዩ ሥር ስለሚታይ፣ ያንን ቦታ በረዥም ሰላምታ ከመሙላት የምርቱን ደረጃ ወይም ዋጋ ማስፈር ይሻላል።

የዘመን አቆጣጠርና የመለኪያ ጥንቃቄ

ለውጭ አገር ገዢ «የ2018 ምርት» ብሎ መጻፍ ከባድ ጉዳት ያስከትላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዲስ የሆነው ሰብል፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ለሚያነበው ሰው ሰባት ዓመት የቆየ ይመስለዋል። ኅዳርም ኖቬምበርን ብቻ ሳይሆን የዲሴምበርን መጀመሪያ ስለሚያካትት የመጫኛ ጊዜን በተቀባዩ አቆጣጠር መጻፍ ያስፈልጋል። መለኪያም እንዲሁ ነው፤ በአገር ውስጥ 200 ኩንታል የሚባለው በዓለም ገበያ 20 ቶን ተብሎ ይቀርባል።

የጉዳዩ መስመር ቃል ኪዳን ነው

የኢሜይል ማስታወቂያ ታሪክ ራሱ በዚህች መስመር ጉድለት የጀመረ ነው። በሜይ 1978 እ.ኤ.አ. ጌሪ ቱርክ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኛ፣ አርፓኔት በተባለው የኢንተርኔት ቀዳሚ መረብ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ማስታወቂያ ላከ። በጉዳዩ መስመር ላይ የሰፈረው ግን የምርቱ ስም ሳይሆን የአንድ ኢሜይል አድራሻ ነበር። መልእክቱ ከፍተኛ ቅሬታ አስነሣ፤ ዛሬም የመጀመሪያው አይፈለጌ መልእክት እየተባለ ይጠቀሳል።

አሜሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በንግድ ኢሜይል ላይ አሳሳች የጉዳይ መስመር መጻፍን ከልክላለች። ሕጉ ላኪው የፖስታ አድራሻውን እንዲገልጽና «አትላኩልኝ» ላለ ሰው መላኩን እንዲያቆምም ያዛል። ወደዚያ ገበያ ምርት የሚያቀርብ ሁሉ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። ያልተጻጻፉትን ሰው እንደተጻጻፉ ለማስመሰል በመስመሩ ላይ «ምላሽ፡-» ብሎ መጻፍም ማሳሳት ነው።

ጂሜይልም መልእክታቸውን ተቀባዮች «አይፈለጌ» ብለው የሚያመለክቱባቸውን ላኪዎች ይከታተላል። ለላኪዎች ባወጣው መመሪያ የዚህ ምልክት መጠን 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ያሳስባል፤ ይህም ከ1 ሺህ መልእክት 3 ማለት ነው። ስለዚህ «አሸንፈዋል» ወይም «የመጨረሻ ዕድል» የሚሉ ባዶ ጩኸቶች አንድ ቀን ቢያስከፍቱ እንኳ፣ እውነተኛው መልእክት በሚላክበት ቀን ወደ አይፈለጌ መዝገብ እንዲወድቅ ምክንያት ይሆናሉ። አጭበርባሪዎችም የሚያዘወትሯቸው ቃላት ስለሆኑ ጥንቁቅ ተቀባይ ይሸሻቸዋል።

ውጤቱን መመዘን

የደንበኞች ዝርዝር ሰፊ ከሆነ ለግማሹ አንዱን መስመር፣ ለቀሪው ሌላውን በአንድ ሰዓት ልኮ ማነጻጸር ይቻላል። ሆኖም ስንት ሰው ከፈተው የሚለው ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአፕል የኢሜይል መተግበሪያ የተጠቃሚውን ምስጢር ለመጠበቅ ሲል ያልተነበበውንም የተከፈተ ሊያስመስለው ይችላል። አስተማማኙ መለኪያ ዋጋ የጠየቀ፣ ናሙና የፈለገ ወይም ስልክ የደወለ ሰው ቁጥር ነው።

በአሠራር ረገድ መልእክቱን አስቀድሞ ጽፎ የጉዳዩን መስመር መጨረሻ ላይ ማስፈር ይመከራል። ከመላኩ በፊትም መስመሩን ብቻ ስለ ሥራው ለማያውቅ ሰው ማሳየት በቂ ፈተና ነው፤ ያ ሰው ምን እንደቀረበ መናገር ካልቻለ መስመሩ እንደገና መጻፍ አለበት።