በየኔታ ደጅ የነበረው ሥርዐት

ስለ ቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት የሚተርኩ ሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት አለንጋውን ነው፤ ይህም ሐሰት አይደለም፤ ፊደል የሳተ ሕፃን በኩርኩምና በቁንጥጫ ይገሠጽ፣ ያጠፋው ይገረፍ፣ የኮበለለውም ተይዞ ሲመለስ እግሩ በብረት ይታሰር እንደ ነበር የታወቀ ነውና። ነገር ግን አንድ መምህር ብቻቸውን፣ ያለ ደወልና ያለ ጥቁር ሰሌዳ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ዕድሜያቸውና ዕውቀታቸው የተለያየ ብዙ ሕፃናትን አንድነት ይዘው ሲያስተምሩ የኖሩት በማስፈራት ብቻ ነው ብሎ መፍረድ፣ ነገሩን በቅርብ አለመመርመር ነው።

ጀማሪው ሀሁ ሲቆጥር፣ ከእርሱ የቀደመው ፊደሉን ለይቶ ሳያውቅ ተራውን ብቻ በቃሉ ይዞት እንዳይሆን በአቡጊዳ ሲፈተን፣ ሌላው የዮሐንስን መልእክት፣ ሌላው ወንጌሉን፣ ከሁሉ ከፍ ያለውም ዳዊቱን ሲያነብ፣ ታናሹን የሚያስቆጥረው ታላቁ ስለ ነበር፣ የኔታ ከእያንዳንዱ አጠገብ መቆም ሳያስፈልጋቸው ሁሉን ይቈጣጠሩ ነበር። ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባልና፣ ለእንግዳ ጆሮ ሁካታ የሚመስለው ያ ጩኸት ለመምህሩ የትጋት ምልክት ነበር፤ ሰነፉ የሚታወቀው ዝም ባለ ጊዜ ነው። ጸጥታን የሥርዐት ሁሉ መጀመሪያ አድርገን ለምንቈጥር ለእኛ ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ደግሞም ትምህርቱ የዘገየበት ልጅ ከባልንጀሮቹ እኩል እንዲራመድ አይገደድም ነበር፤ የትናንቱን ሳያደላድል ወደ ነገው አይሻገርም። በቅኔ ቤትማ፣ አገሩን ጥሎ መምህር ፍለጋ በእግሩ የመጣው ተማሪ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው በገዛ ፈቃዱ ስለ ሆነ፣ አለንጋ ብዙ ሥፍራ አልነበረውም።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብጻውያን መምህራን ሲከፈት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከተል፣ ተማሪው በክፍል እየተመደበ አንዱን ትምህርት በአንድ ሰዓት ይሰማ ጀመር። ዘመናዊው ትምህርት በየአውራጃው ሲስፋፋ፣ ታላቁ ታናሹን የሚያስተምርበት ልማድ እየቀረ ሄደ፤ አርጩሜውና ማንበርከኩ ግን ወደ አዲሱ ክፍል ተሻገሩ። ሊቀር የሚገባው ተሻግሮ፣ ሊሻገር የሚገባው መቅረቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ የረባሾችን ስም እንዲጽፍ ብቻ ለምታቆሙት ለክፍሉ አለቃ፣ በየኔታ ደጅ ታላቁ ለታናሹ ይሠራው የነበረውን፣ የደከሙትን የማስጠናቱን ሥራ ስጡት።