አያቱን ሦስት ጊዜ የቀበረ ሠራተኛ

በየመሥሪያ ቤቱ አያቱን ሦስት ጊዜ የቀበረ ሠራተኛ አይጠፋም። መጀመሪያ ጎጃም፣ ቀጥሎ ወሎ፣ በመጨረሻ ደግሞ እዚሁ ኮልፌ። አለቃውም ይጠረጥራል፣ ባልደረቦቹም «ነፍስ ይማር» እያሉ ከንፈራቸውን ነክሰው ይስቃሉ። ሰውየው የሄደው ለቅሶ ሳይሆን ቃለ መጠይቅ ነው። የዓመት ፈቃዱ አልቋል፣ ወይም ገና አልደረሰለትም፤ የጠራው መሥሪያ ቤት ደግሞ «ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት» ብሎታል። ታዲያ ምን ያድርግ?

ይህ የኛ ትውልድ ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ሌላ ሥራ የሚፈልግበት ሰዓት የማን ነው? ክርክሩ ዘመናት ተሻግሯል። እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

በድሮው የእንግሊዝ ገጠር ለቃለ መጠይቅ ፈቃድ መጠየቅ ብሎ ነገር አልነበረም፤ የቃለ መጠይቁ ቀን ራሱ በዓል ነበርና። የእርሻ ሠራተኛ የሚቀጠረው ለአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲሞላ፣ በብዙ አካባቢዎች በኅዳር በሚውለው በቅዱስ ማርቲን በዓል ሰሞን፣ ሁሉም ወደ ከተማው አደባባይ ይወጣል። እረኛው ሱፍ፣ ጋሪ ነጂው የጅራፍ ገመድ ልብሱ ላይ ሰክቶ ይቆማል፤ ሙያው በዚያ ይታወቃል። ቀጣሪው እየዞረ ያያል፣ ይጠይቃል፣ በደመወዝ ይከራከራል። ከተስማሙ አንዲት ሳንቲም ያስጨብጠዋል፤ ውሉ ታሰረ። ሰው እንደ በግ ገበያ ላይ ቆሞ መታየቱ አያስመሰግንም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ቀሳውስትም አውግዘውታል። ግን ማንም አያቱን መግደል አላስፈለገውም።

የፋብሪካው ዘመን ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሥራው ዓመቱን ሙሉ፣ ደወሉም በየቀኑ ሆነ። ቀጣሪዎችና መንግሥታትም ሠራተኛው እንዳይሄድ በር መዝጋት ጀመሩ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1803፣ በናፖሊዮን ዘመን፣ ለሠራተኞች የሥራ ደብተር አወጣች። ደብተሩ ላይ የቀድሞው አሠሪ «ከእኔ ጋር ያለበትን ጨርሷል» ብሎ ካልፈረመ ሌላው አይቀጥርህም። ሕጉ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ለ«ክሊራንስ» ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ባሰ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1915 ባወጣችው የጦር መሣሪያ ምርት ሕግ መሠረት፣ የመልቀቂያ ወረቀት ሳይዝ ፋብሪካውን የተወ ሠራተኛ ለ6 ሳምንት ሌላ ቦታ መቀጠር አይችልም። ስድስት ሳምንት ያለ ደመወዝ ማን ይችላል? ሠራተኛው አምርሮ ተቃወመና አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1917 ቀረ። ሶቪየት ኅብረት ከዚህም አለፈች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1940 በወጣው ድንጋጌ ያለ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ ከ2 እስከ 4 ወር ያሳስር ጀመር፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ማርፈድም እንደ መቅረት ተቆጥሮ ፍርድ ቤት ያቆም ነበር። የወንጀል ቅጣቱ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። እዚያ አገር ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ ቃለ መጠይቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በሌላ በኩል ጉዳዩን በቅንነት ያዩም ነበሩ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 629፣ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ ሠራተኛው ሌላ ሥራ የሚፈልግበት ተገቢ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 119፣ በማስጠንቀቂያው ወቅት ደመወዝ ሳይቆረጥ እንዲህ ያለ ጊዜ ቢሰጥ መልካም ነው ብሏል። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም የሚያወሩት ማስጠንቀቂያ ስለተሰጠበት ሠራተኛ ነው። «ልለቅ ነው» ብሎ ያልተናገረው፣ ቢናገር እንጀራው የሚቋረጥበት ሰው ከደጅ ቀርቷል።

ወደ አገራችን እንምጣ። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት በምደባ ወደ ሥራ ይላክ ነበር። ቃለ መጠይቅ የት ልደብቅ የሚል ጭንቀት አልነበረበትም፤ ምርጫም አልነበረውም። ሥርዓቱ ሲለወጥ ምደባው ቀርቶ ውድድሩ መጣ። ከውድድሩ ጋር አብሮ የመጣ የመወዳደሪያ ሰዓት ግን የለም።

አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 14 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መነሻውን ወደ 16 አሳድጎ ጭማሪውን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን አደረገው። በሁለቱም የመጀመሪያው ፈቃድ የሚገኘው አንድ ዓመት ከተሠራ በኋላ ነው። ለጋብቻ፣ ለቅርብ ዘመድ ሞት፣ ለፍርድ ቤት፣ ለምርጫ የተለየ ፈቃድ አለ። ለቃለ መጠይቅ የለም። የአያት ተደጋጋሚ ሞት ምሥጢሩ እዚህ ጋ ነው፤ ሰው ሕጉ ባሳየው በር ይገባል።

በሩም ጠቧል። በድሮው አዋጅ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብተው ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት፣ ወይም በወር 10፣ ወይም በዓመት 30 ቀን መቅረት ነበር። በአዲሱ፣ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይሰናበታል፤ 8 ጊዜ ያረፈደም እንደዚያው። በአንድ ወቅት ሦስት አራት ቦታ የሚወዳደር ሰው ሒሳቡን ይሥራ።

ስለዚህ የከተማው ሠራተኛ ከስንጥቅ ስንጥቅ ይፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛው ዓርብን ይወዳል፤ በተለመደው የሥራ ሰዓት የዓርብ ምሳ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነውና ሁለት ሰዓት ይገኛል። ሌላው ጠዋት 2 ሰዓት እንዲደረግለት ይለምናል። አንዳንዱ በስልክ፣ በቪዲዮ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠየቃል። አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ብዙዎች አያውቁም፤ በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ የሚያገኘው ሲለቅ ብቻ አይደለም፣ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ነው።

የመልቀቅ ነጻነት በሕግ ተጽፏል፤ 30 ቀን አስቀድሞ ያስታወቀ ሠራተኛ ይሄዳል። የሚሄድበትን የሚፈልግበት ሰዓት ከሌለው ግን በሩ ክፍት፣ መንገዱ ዝግ ነው። ዕዳውን የሚከፍለውም ሁልጊዜ ፈላጊው ነው፤ በፈቃዱ፣ በደመወዙ ወይም በውሸቱ።

ከዚህ ወገን ያልተነሣ አንድ ሰው አለ፤ ጠያቂው። ማክሰኞ 4 ሰዓት ያለው እሱ ነው። በሌላ ቀጣሪ ሰዓት የሌላ ቀጣሪ ሠራተኛ ጠርቶ ያስቀርባል፤ የራሱ ሠራተኛ ያንኑ ቢያደርግ ግን ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ዛሬ ተጠያቂ የሆነው አንባቢያችን ነገ ከጠረጴዛው ማዶ ሲቀመጥ «መቼ ይመችሃል? መቼ ይመችሻል?» ብሎ ቢጀምር አዋጅ መጠበቅ አያሻውም። አያቶችም ዕድሜያቸው ይረዝማል።