ዙም ሌንስ፣ ለጉዞና ለዕለት ተዕለት ፎቶ

ቀለበቱ ሲዞር የዕይታውን ስፋት የሚለዋውጥ የካሜራ ሌንስ። ለ35 ሚሊሜትር ፎቶ ካሜራ ቀዳሚው በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የፎይግትሌንደር ዙማር (36–82 ሚሜ) ነው። ለመንገደኛ ይበልጥ የሚመቸው ግን ከ18 እስከ 200 ሚሜ የሚደርሰው ነው።

ጥቅሙ በእስራኤሏ አሽቀሎን ከተማ ባቡር ጣቢያ በግልጽ ይታያል። ጣቢያው በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን ከተማዋ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። በ18 ሚሜ መሳፈሪያው፣ ሐዲዱና ሰማዩ አንድ ላይ ይገባሉ፤ በ200 ከሩቅ የሚመጣው ባቡር ፎቶውን ይሞላል። ነጠላ የለበሱ እናት ልጃቸውን ሲቀበሉ ለማንሳት 50 አካባቢ ይበቃል፤ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ሌንስ መቀያየር ስለማያስፈልግ የባሕሩ ነፋስ የሚያመጣው አሸዋ ሴንሰሩ ላይ አያርፍም።

ድክመቱ ብርሃን ላይ ነው። ዙሙ ሲረዝም የአፐርቸሩ ቁጥር ከ3.5 ወደ 5.6 ወይም 6.3 ከፍ ስለሚል፣ ሲመሽ አይኤስኦ መጨመር ግድ ይሆናል። የሌንሱ ማረጋጊያም የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ ባቡር እንዳያመልጠው የሚሮጥን ሰው አያቆምም፤ ለዚያ ፈጣን ሹተር ያስፈልጋል። ጥላ በበዛበት ቦታ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ነጠላ ሽመናው እንዳይጠፋ ኤክስፖዠሩን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበጃል።