ከምንጩ መከላከል

አክስቴ ደም ግፊት ተገኘባትና ሐኪሙ «ጨው ይቀንሱ» አላት። ቃሉን አክብራ ወጥ ላይ ጨው መጨመር ተወች። ከወር በኋላ ስትለካ ግን ግፊቷ ፈቅ አላለም። ነገሩ የገባን ማጀት ስንገባ ነው። የዓመቱ በርበሬ ገና ወፍጮ ቤት ሳይሄድ ከነጭ ሽንኩርቱና ከኮረሪማው ጋር ጨው ተጨምሮበታል። ሚጥሚጣውም እንደዚያው። የዳቦውን ጨው ደግሞ ጋጋሪው ወስኖላታል። በእሷ እጅ የቀረው ከቁንጥር አያልፍም ነበር።

ይህን ጉዳይ ከሥሩ የሚያየው ሙያዊ ቃል «ፕራይሞርዲያል ፕሪቬንሽን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው የዓለም ጤና ድርጅት ባልደረባ የነበረው ቶማ ስትራሰር ነው። ቃል በቃል «ጥንታዊ መከላከል» ብንለው አንባቢ ዳማከሴና ጤና አዳም መስሎት ይሄዳል። «አስቀድሞ መከላከል» እንዳንል ደግሞ ስሙ ተይዟል፤ ከክትባት እስከ አጎበር ሁሉም የሚጠራበት ነው። እኔ «ከምንጩ መከላከል» ብዬዋለሁ። «ችግሩን ከምንጩ ማድረቅ» የሚለውን ዜና አንባቢዎች ቢያሰለቹትም እዚህ ግን ቦታው ነው።

ልቡን አንዴ ያመመው ሰው ዳግም እንዳያመው መድኃኒት ሲታዘዝለት ሁለተኛ ደረጃ መከላከል ነው። ግፊቱ ከፍ ያለውን ሰው ስትሮክ ሳይጥለው በክኒን መርዳት የመጀመሪያ ደረጃ ይባላል። ከምንጩ መከላከል ከዚያም ቀደም ይላል፦ ግፊቱ ራሱ እንዳይነሳ፣ ልጁ ሲጋራውን ጭራሽ እንዳይጀምር። ስለዚህ ሥራው ያለው ዳቦ ቤቱ፣ ቀረጡና የእግረኛ መንገዱ ላይ ነው፤ የሚመለከተውም አንድን ታማሚ ሳይሆን ሕዝቡን ሁሉ ነው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ሲከለክል ያደረገው ይህንኑ ነው።

ፊንላንዶች ቃሉ ሳይወለድ ሥራውን ጀምረውት ነበር። ሰሜን ካሬሊያ በተባለው ግዛታቸው ወንዶች በሥራ ዕድሜያቸው በልብ ሕመም ይረግፉ ነበር፤ ቅቤው፣ ስቡ ያልተገፈፈ ወተቱ፣ ጨውና ሲጋራው ተረባርበውባቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፔካ ፑስካ የተባለ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ዘመቻ ጀመረ። ምክር ብቻውን እንደማይበቃ ቶሎ ገባቸው። ቋሊማ አምራቹ ከስቡ ከፊሉን በእንጉዳይ እንዲተካ፣ ጋጋሪው ጨው እንዲቀንስ አግባቡ። ላም አርቢዎችም ወደ ቤሪ ልማት እንዲዞሩ ተደገፉ፤ በወተት ለሚያድር ገበሬ ቅቤ ክፉ ነው ማለት ቀላል ወሬ አይደለምና። በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ያሉ ወንዶች በልብ ደም ሥር ሕመም የሚሞቱበት መጠን ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። እርግጥ የግፊት ሕክምናውም ድርሻ ነበረው፣ በተቀረው ፊንላንድም ሞቱ ቀንሷል።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ነገሩን በመለኪያ አስቀመጠው። አልታመምኩም ማለት ብቻ የልብ ጤና አይደለም ብሎ ሰባት ነገር ቆጠረ፦ ሲጋራ፣ ክብደት፣ እንቅስቃሴ፣ አመጋገብ፣ ኮሌስትሮል፣ ደም ግፊትና የደም ስኳር። በ2022 እንቅልፍን ስምንተኛ አደረገ።

አክስቴ ዘንድሮ በርበሬዋን ያለ ጨው አስፈጭታለች። ዳቦውን ግን አሁንም የምትገዛው ከዚያው ጋጋሪ ነው።